የልዑል አምስት ቮልት

ልዑል የሬዲዮና የስልክ ጠጋኝ ነው። ሸዋ ሮቢት ከባጃጅ ተራው ፊት ለፊት የእሱ ሱቅና የእኔ ልብስ ስፌት አንድ በረንዳ ላይ ናቸው፤ ዘጠኝ ዓመት ጎን ለጎን ሠርተናል። እዚህ ከምተርከው የሚበዛውን የነገረኝ እሱ ራሱ ነው። የቀረውን እዚያው ስፌት መኪናዬ ላይ ተቀምጬ ሰምቻለሁ።

የቀወት ገጠር ልጅ ነው። አባቱ ሲሞቱ ስድስት ዓመቱ ነበር፤ ያሳደጉት ታላቅ ወንድሙ ጋሽ ክንፈ ናቸው። ጋሽ ክንፈ በአሥራ አራት ዓመት ይበልጡታል። ራሳቸው ከአምስተኛ ክፍል ወጥተው ሞፈር ጨበጡ፤ እሱን ግን ከትምህርት ቤት አላስቀሩትም። ኤሌክትሮኒክስ ሊማር ደብረ ብርሃን ሲሄድ ጥጃ ሸጠው መልቲሜትር የሚባለውን የኤሌክትሪክ መለኪያ ገዙለት። ባለቤታቸው እትዬ እጅጋየሁ ደግሞ ልብሱን አጥበው፣ ስንቁን ቋጥረው ሸኙት። ስለዚህ ልዑል ወንድሜ ሲል አባቴ ማለቱ ነበር።

ጠባዩ ዝግተኛ ነው። ሳይለካ ምንም ነገር አይነካም። ሬዲዮ ይዞለት የመጣ ሰው «ባትሪው ሳያልቅ አይቀርም» ቢለው፣ መጀመሪያ መልቲሜትሩን አስነክቶ፣ ያገኘውን ቁጥር በወረቀት ፕላስተር ላይ ጽፎ፣ እቃው ጀርባ ላይ ለጥፎ ነው ወደ ሥራው የሚገባው። በዚህ እስቅበት ነበር።

ከድሮን ጋር ያገናኘችው ሐይማኖት ናት። ሐይማኖት የሰብል ጥበቃ ባለሙያ ስትሆን ከጎጃም ተመድባ እዚህ የመጣች፣ ፈጣንና ተናጋሪ ሴት ናት። ማሳ ፎቶ የምታነሳበት ትንሽ ድሮን ተበላሽቶባት ለልዑል አመጣችለት። እሱም ጠገነላት። ከዚያ በኋላ ሁለቱ ስለ ግሪሳ ማውራት ጀመሩ። ግሪሳ ድንቢጥ የምታህል ወፍ ናት፤ ብቻዋን አትመጣም እንጂ። ማሽላው ወተት ሲይዝ እንደ ደመና ሆና ወርዳ፣ ያንድ ቤተሰብ የዓመት ቀለብ በሁለት ጠዋት ታራግፋለች። ገበሬው ማማ ላይ ወጥቶ ወንጭፍ እያስጮኸ ከንጋት እስከ ምሽት ይጠብቃል። ሐይማኖትና ልዑል ይህን ጥበቃ የሚተካ ድሮን ለመሥራት ማኅበር አቋቋሙ። ፈቃዱ ብቻ ሰባት ወር ፈጀ። ዘመኑም ከሰማይ የሚያጓራ ነገር ሲሰማ ሰው ወደ ቤቱ የሚሮጥበት ዘመን ስለሆነ፣ ከመብረሩ በፊት በየሰንበቱ ከቅዳሴ በኋላ ለሕዝቡ እየቀረቡ «ወፍ ማባረሪያ ነው» እያሉ ያስረዱ ነበር።

ድሮኑ ስድስት ሞተር ነበረው። ብዙውን ሐሳብ የወሰደበት ግን ሞተሩ አልነበረም። ለማያውቅ ሰው ነገሩ እንዲህ ነው። የድሮኑ ባትሪ ሲሞላ ሃያ አምስት ቮልት ይሰጣል፤ ሞተሮቹም የሚፈልጉት ይህንኑ ነው። ኦቶፓይለት የሚሉት፣ ድሮኑን የሚመራው ትንሽ ኮምፒውተር ግን አምስት ቮልት ብቻ ነው የሚችለው። በሁለቱ መካከል የክብሪት ቀፎ የምታህል ሰሌዳ ትቀመጣለች፤ ፓወር ሞጁል ትባላለች። አንድም ሃያ አምስቱን ወደ አምስት አውርዳ ለኦቶፓይለቱ ሳታቋርጥ ትመግባለች። አንድም ባትሪው ውስጥ ምን ያህል እንደቀረ ትነግረዋለች። እሷ ስትዋሽ ኦቶፓይለቱ ባትሪው ያለ ይመስለዋል፤ እሷ ስትደክም ደግሞ አየር ላይ ራሱን ይስታል።

ልዑል ሦስት ዓይነት ሞጁል ከአዲስ አበባ አስመጥቶ ጠረጴዛው ላይ ደረደረ። የመጀመሪያው ለትንሽ ባትሪ የተሠራ ስለነበር ሃያ አምስት ቮልት ያቃጥለዋል ብሎ መለሰው። ሁለተኛው ቮልቱን ይችላል፤ ሽቦው ግን ቀጭን ነበርና ሞተሮቹ አርባ አምፔር የኤሌክትሪክ ፍሰት ሲስቡ በእጅ የማይነካ ሆነ። ሦስተኛውን መረጠ። እስከ ዘጠና አምፔር ያሳልፋል፤ በአምስት ቮልት በኩል ደግሞ ሦስት አምፔር ይሰጣል። ለኦቶፓይለቱ፣ ለአቅጣጫ መፈለጊያውና ለሬዲዮው ከበቂ በላይ ነበር።

መምረጡ ብቻ አልበቃውም። ሦስት ቀን ሙሉ ጠረጴዛው ላይ እንዳቀረቀረ ሳየው፣ «አልሠራ አለህ እንዴ?» አልኩት።

«ይሠራል። የሚያሳየኝ ቁጥር ግን ውሸት ነው» አለኝ። በመልቲሜትሩ ባትሪውን ለክቶ ሃያ አራት ነጥብ ስድስት አገኘ፤ ኮምፒውተሩ ላይ የሚታየው ሃያ ሦስት ነጥብ ስምንት ነበር። ሁለቱ እስኪገጥሙ ድረስ ኮምፒውተሩ የሚያሰላበትን ማባዣ ቁጥር እያስተካከለ ደጋግሞ ለካ። ከዚያ ድሮኑን አሥር ደቂቃ አብርሮ ባትሪውን መልሶ ሞላና፣ ቻርጀሩ የመለሰው መጠን ሞጁሉ «ወጣ» ካለው ጋር መግጠሙን አየ። አልገጠመም፤ እሱንም አስተካከለ። በመጨረሻ ባትሪው ሃያ አንድ ነጥብ ስድስት ሲደርስ ድሮኑ ራሱ ወደ ተነሳበት እንዲመለስ አዘዘው። ይህን የምነግራችሁ ግድ የለሽ ሰው እንዳልነበረ እንድታውቁ ነው።

ባለፈው ጥቅምት ማሽላው ወተት ያዘ፤ ግሪሳውም ገባ። ድሮኑ የመጀመሪያውን ሳምንት ወፉን ጠራርጎ አባረረው። በሁለተኛው ሳምንት ወፎቹ ለመዱት። ከሥሩ ሆነው መልቀም ጀመሩ። ሐይማኖት የጭልፊት ጩኸት የሚያሰማ ድምፅ ማጉያ ይገጠምለት አለች። ማጉያው በአምስት ቮልት ነው የሚሠራው፤ ሲጮህ ግን ከሁለት አምፔር በላይ ይጎትታል። ልዑል ለብቻው የሚመግበው ሌላ ቮልት ማውረጃ እንደሚያስፈልግ ያውቅ ነበር። አዘዘም። እቃውን የሚያመጣለት የሚኒባስ ሹፌር ግን መንገዱ በመዘጋቱ ደብረ ብርሃን ላይ ቀረ። አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን፣ አራት ቀን አለፈ።

በአምስተኛው ቀን ጋሽ ክንፈ ደወሉ። ስልኩ ድምፁ ከፍ ያለ ስለሆነ እኔም ሰማሁ።

«ወርዷል» አሉ። «የታችኛውን ማሳ ጨርሶ ወደ ላይኛው እየወጣ ነው። የምትመጣ ከሆነ ልወቀው፤ ካልሆነም ወንጭፉ አለ።»

«እመጣለሁ፣ ጋሼ» አለ ልዑል።

ስልኩን ዘጋ። ከዚያ የማጉያውን ሽቦ ከፓወር ሞጁሉ አምስት ቮልት ላይ በየደው። ለካ። ማጉያው ዝም ሲል አምስት ነጥብ ሁለት፤ ሲጮህ አራት ነጥብ ዘጠኝ። ጠዋት ስለነበር ሱቁ ቀዝቃዛ ነው። «አራት ነጥብ ዘጠኝ ይበቃዋል?» ብዬ ጠየቅሁት። «ለዛሬ ይበቃዋል» አለኝ። ያን ሰሞን ጠጋኞች ታሠለጥን የነበረችው ሐይማኖት የሽቦውን ሥዕል ጠይቃው ስለነበር ያንኑ ሥሎ በስልክ ላከላት። ድሮኑን ባጃጅ ላይ ጭኖ ሄደ።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት በረራዎች ሰመሩ። ጭልፊቱ ሲጮህ ግሪሳው እንደ ጨርቅ ተጠቅልሎ ሸሸ። ጋሽ ክንፈ ማማው ላይ ሆነው አጨበጨቡ። አምስት ሰዓት ሲሆን ፀሐዩ በረታ፤ ወፉም ተመለሰ። ልዑል ባትሪ ቀይሮ ለሦስተኛ ጊዜ ሊያስነሳ ተዘጋጀ። ሰው እንዳይገባ ገመድ የወጠረበት ክልል ነበረው፤ ማማው ግን ክልሉ ውስጥ ነው የቆመው።

«ጋሼ፣ ከማማው ይውረዱ» አላቸው።

«ከዚህ ነው የሚታየኝ። የት እንዳረፈ ማን ይነግርሃል? ይልቅ አስነሳው» አሉ።

ሁለተኛ አልጠየቃቸውም። ልጅነቱን ሙሉ የታዘዛቸው ሰው ናቸው።

ድሮኑ ማሳውን አንድ ጊዜ ዞረ። ጭልፊቱ ጮኸ፤ እንደገና ጮኸ፤ ሦስተኛው ጩኸት መሐል ላይ ተቋረጠ። ስድስቱም ሞተሮች ባንድ ጊዜ ዝም አሉ። ልዑል እጁ ላይ ያለውን መቆጣጠሪያ ቢነካካም የሚመልስለት አልነበረም። ድሮኑ እንደ ድንጋይ ወረደ። የማማውን ምሰሶ መታ፤ ክንዱ ተሰበረ፤ የስባሪው ጫፍ የጋሽ ክንፈን ግራ ዓይን አገኘው።

ከዚያ በኋላ ያለውን ልዑል በደንብ አያስታውስም። ባጃጁን፣ ደሙን የያዙበትን ነጠላ፣ እትዬ እጅጋየሁ ባዶ እግራቸውን ከኋላ ይሮጡ እንደነበር ያስታውሳል። ጋሽ ክንፈ ከሸዋ ሮቢት በአምቡላንስ ወደ አዲስ አበባ ተላኩ። ዓይኑ አልተረፈም።

በሦስተኛው ቀን ልዑል ሱቁን ከፍቶ የድሮኑን ካርድ አወጣ። ኦቶፓይለቱ እየበረረ የሚያየውን ሁሉ የሚመዘግበው እዚያ ላይ ነው። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ነበር። ስክሪኑ ላይ መስመር ታየ። ባትሪው ሃያ ሦስት ነጥብ አራት፤ ገና ብዙ ነበረው። ሞተሮቹ ደህና ነበሩ። የአምስት ቮልቱ መስመር ግን ጭልፊቱ በጮኸ ቁጥር እየሰመጠ ሄዷል፤ አራት ነጥብ ስምንት፣ አራት ነጥብ ስድስት፣ አራት ነጥብ ሦስት። ከዚያ ወዲያ ምንም የለም። ጠዋት ሱቁ ውስጥ የቻለችው ሞጁል በተዘጋ ጥቁር ሳጥን ውስጥ፣ በቆላው ፀሐይ ላይ ደክማለች።

«እኔ ነኝ» አለ። ካርዱን መሳቢያው ውስጥ ከተተው።

ጋሽ ክንፈ ከሆስፒታል ሲመለሱ ከወረዳ ሦስት ሰዎች ጉዳዩን ሊያጣሩ ቤታቸው መጡ። ሐይማኖትና ልዑልም ነበሩ። ልዑል ሊናገር አፉን ሲከፍት ጋሽ ክንፈ ከመደቡ ላይ ቀደሙት።

«ጭልፊት መታው» አሉ። «የራሱ ወገን ሲጮህ ሰምቶ ከላይ ወረደበት። ማማው ላይ ከእኔ ሌላ ሰው አልነበረም፤ በዚሁ በጠፋው ዓይኔ ነው ያየሁት። ሚካኤልን።»

ሰዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። የሚታመን ነገር ነበር፤ ማንንም አይነካም። ጻፉት። ጋሽ ክንፈ ፈረሙ። ሲወጡ ሐይማኖት ልዑልን ለብቻው ያዘችው።

«ካርዱን አይተኸዋል?»

«ተሰብሯል፤ አልተነበበም» አላት።

እሷም አመነችው። ቀጥሎ የመጡትን ሳምንታት ልዑል እንዴት እንዳሳለፋቸው አይቻለሁ። ሥራ አላቆመም፤ ግን መለካት አቆመ። የመጣለትን ስልክ ገጣጥሞ ይመልሳል፤ ተበላሽቶ ሲመለስበትም አይገርመውም። እሁድ እሁድ ወንድሙ ቤት ይሄዳል። እዚያ ደግሞ የሚብሰው ይጠብቀዋል። እትዬ እጅጋየሁ «አንተም ከስተሃል፤ ያየኸው ቀላል አይደለም» እያሉ ከባላቸው ቀድመው ያጎርሱት ነበር። ያን ጉርሻ መዋጥ እንደሚያቅተው ነግሮኛል። ጋሽ ክንፈ ስለ ጭልፊቱ አንድም ቀን ከእሱ ጋር አላወሩም። እሱም አላነሳባቸውም።

ኅዳር አጋማሽ ላይ፣ አንድ ሐሙስ ረፋድ፣ ሱሌይማን ከካራቆሬ መጣ። እሱም እንደ ልዑል ጠጋኝ ነው፤ ዓመታት ይተዋወቃሉ። በረንዳው ላይ ቆሞ ከአንገቱ ዝቅ ብሎ ሰላምታ ሰጠና፣ ስለ ጋሽ ክንፈ «አላህ ያሽራቸው» አለ። ከዚያ ስልኩን አውጥቶ የራሱን ድሮን ፎቶ አሳየ። የአባቱ ማሽላ ዘግይቶ የተዘራ ስለነበር ገና ወተት ላይ ነው።

«ወላሂ ያንተን ሥዕል ነው የተከተልኩት» አለ። «ሐይማኖት ስልጠና ላይ የሰጠችንን። ሞጁሉም ያው ያንተው ነው። ማጉያውን ከአምስት ቮልቱ ላይ አስሬዋለሁ፤ ካሜራም ጨመርኩበት። ቅዳሜ ኢንሻአላህ አስነሳዋለሁ። አባቴ ማማ ላይ ሆነው ያሳዩኛል። ጭልፊት ብቻ እንዳይመታኝ መላ ካለህ ብዬ ነው የመጣሁት።»

ልዑል ስልኩን ተቀብሎ ፎቶውን ረጅም ጊዜ አየ። እኔ የያዝኩትን ሱሪ አስቀመጥኩ።

«አታስነሳው» አለ።

«ምነው?»

«ማጉያውንም ካሜራውንም ከሞጁሉ ላይ አውርድ። ለእነሱ ሌላ ማውረጃ ግዛላቸው። የሞጁሉ አምስት ቮልት የኦቶፓይለቱ ብቻ ነው። ሳጥኑንም ብሳው፤ አየር ያግኝ። ከዚያ በጠራራ ፀሐይ መሬት ላይ አስረህ፣ ሁሉንም እያስጮህክ ግማሽ ሰዓት ለካው። ከአምስት በታች ከወረደ አይበርም።»

«ያንተ በርሮ የለ?»

«የእኔ ወድቋል።»

«በጭልፊት ነው የወደቀው።»

«ጭልፊት አልነበረም» አለ ልዑል። መሳቢያውን ከፍቶ ካርዱን አወጣና ኮምፒውተሩ ላይ ሰካው። ሱሌይማን መስመሩን ቁልቁል ሲከተል አየሁት። ሲጨርስ መዳፉን አፉ ላይ ጫነ።

«አባቴን ማማው ላይ ላስቀምጥ ነበርኮ» አለ።

ልዑል ከሰዓት በኋላ ሱቁን ዘግቶ ካርዱን ይዞ ወደ ሐይማኖት ሄደ። ሐይማኖት አይታው አልጮኸችበትም። «በዚያን ቀን ብትነግረኝ ሥዕሉን ከሠላሳ ሰው እጅ እሰበስብ ነበር» አለችው። ስልክ እየደወለች ሥዕሉን ለወሰዱት ሁሉ ስህተቱን ስትነግር አመሸች። በማግስቱ ካርዱን ለወረዳው አስረከቡ። የማኅበሩ ፈቃድ ተሰረዘ። እሷም ማስጠንቀቂያ ተጽፎባት፣ በሁለተኛው ወር ወደ ሌላ ወረዳ ተዛወረች። ስትሄድ እኔን ተሰናብታኛለች፤ በእሱ ሱቅ በኩል ግን ሳትቆም አለፈች።

ልዑል ለወንድሙ ራሱ ሊነግር አስቦ ነበር። አንድ ቀን ዘገየ። ዓርብ ወረዳ ነበር፤ ቅዳሜ ገበያ ነው። ወሬው ከእሱ ቀድሞ በሚኒባስና በአህያ መንደር ገባ። እሁድ ሲደርስ እትዬ እጅጋየሁ በሩ ላይ ቆመው ነበር።

«ጎርሰሃል» አሉት። «ከእጄ እየጎረስክ ዝም አልክ።»

«እትዬ፣ ልነግራችሁ ነው የመጣሁት።»

«ገበያው ነገረን።»

ጋሽ ክንፈ ከውስጥ «ግባ» አሉት። ገባ፤ ቆመ። ወንድሙ መደቡ ላይ ተቀምጠው፣ በነጭ ጨርቅ የተሸፈነውን የፊታቸውን ጎን ወደ ግድግዳው አድርገዋል።

«ጭልፊት እንዳልነበረ የማላውቅ ይመስልሃል?» አሉ። «ሰማዩ ባዶ ነበር። ምን እንደጣለው ባላውቅም አንተን እንደሚጠይቁህ አውቄያለሁ። በሚካኤል ምዬ ዋሸሁልህ። ሃምሳ ዓመቴ ነው፤ በሐሰት ምዬ አላውቅም።»

«ይቅር ይበሉኝ፣ ጋሼ።»

«ለዓይኑ እኔም አለሁበት፤ ውረድ ስትለኝ አልወረድኩም። ይኼኛው ግን ሌላ ነው። እውነቱን የምትናገር ከሆነ መጀመሪያ እዚህ መጥተህ፣ ጋሼ መሐላዎን ላፈርሰው ነው አትለኝም? ዛሬ ቅዳሴ ቆሜ ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞሮ አየኝ።»

ልዑል የሱሌይማንን አባት ነገር ሊያስረዳቸው ሞከረ። ሰሙት። «እሱስ ደግ አደረግህ» አሉ። ከዚያ በቃ ብለው በእጃቸው አሰናበቱት።

ከዚያ እሁድ በኋላ አልጠሩትም፤ እሱም አልሄደም። ታኅሣሥ ላይ ግን የወንድሙ ማሽላ ሊወቃ መሆኑን ከመንደሩ ሰው ሰማ። ከማሳው ግማሽ ያህሉን ግሪሳ ስለበላው ክምሩ ትንሽ ነበር። ሳይጠራ ሄደ። አውድማው ላይ ስድስት ሰው አለ። ማንም ሰላም አላለውም፤ ማንም ሂድም አላለው። ዱላ አንስቶ ከወንድሙ ጎን ገብቶ መውቃት ጀመረ።

ጥቂት እንደመቱ ጋሽ ክንፈ ቆም አሉ።

«በግራዬ አትቁም» አሉት። «አላይህም፤ እመታሃለሁ።»

ዞሮ በቀኛቸው ቆመ። እስከ ከሰዓት ወቁ። ምግብ ሲመጣ እትዬ እጅጋየሁ ለሁሉም አንድ ገበታ አቀረቡ፤ ለእሱ በሳህን ለብቻው ሰጡት። በላው። እህሉ ሁሉ ሲገባ ጎተራው እስከ ወገቡ እንኳ አልሞላም። ልዑል ልብሱን አራግፎ «እንግዲህ ልሂድ» ሲል ጋሽ ክንፈ ጆንያ እየሰፉ ነበር። በአንድ ዓይን ክሩን በመርፌው ቀዳዳ ውስጥ ማስገባት አቅቷቸው ደጋግመው ይሞክራሉ። ልዑል እጁን ዘረጋ። አልሰጡትም። ቆሞ ጠበቃቸው። በስንተኛው እንደገባላቸው አልቆጠረም፤ ሲገባላቸው ወደ ከተማ የሚወስደውን መንገድ ይዞ ወረደ።